የመሪጌታ የቀን እንቅልፍ

መሪጌታ ገብረ መድኅን ማኅሌት ቆመው ባደሩ ማግስት፣ ቀን ላይ ጋደም ሲሉ የወይራው ጊዮርጊስ ግቢ በሙሉ ጆሮ ይሆናል። የቆሎ ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው እየወጡ የመምህራቸውን ቤት ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ቀለሙን ጮክ ብሎ የሚደግመው ድምፁን ይውጣል፤ እንጨት የሚፈልጠው ምሳሩን ያስቀምጣል። ከውስጥ የመሪጌታ ማንኮራፋት ይሰማል። ሻካራና ከባድ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚጎተት። ከዚያ በድንገት ቀጥ ይላል።

ተማሪዎቹ የሚጠብቁት ይህንን ነው።

«ሄዱ» ይላል አንዱ በሹክሹክታ።

ዝምታው ይረዝማል። ማንም አይስልም፣ ማንም እግሩን አያነሳም። ደካማ ልብ ያለው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። በመጨረሻ ከውስጥ አንድ ትልቅ ትንፋሽ እንደ ተቀደደ ሸማ ድምፅ አውጥቶ ይመጣል፤ ማንኮራፋቱም ይቀጥላል። ያን ጊዜ ሁሉም ያማትባሉ፤ «ተመለሱ» ይባባላሉ።

ነገሩ የተጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። መሪጌታ እንዲህ ካለው ዝምታ ባንነው፣ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ አንዲት የድጓ ሐረግ ማንም ሰምቶት በማያውቀው አወራረድ ለቀቋት። ከተማሪዎቹ አንጋፋው እንየው ውሃ ሊያስገባ ገብቶ ነበርና ሰማ። በዚያው ቀን ለጓደኞቹ፣ የኔታ እንደ ቅዱስ ያሬድ ይነጠቃሉ፣ ትንፋሻቸው ሲቆም ነፍሳቸው ዜማ ልትሰማ ወጥታ ነው ብሎ ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ። መሪጌታ ሲተኙ በጀርባቸው እንደተኙ ይተዋሉ፤ ማንም አይነካቸውም፣ ማንም አያገላብጣቸውም። ነፍስ ሥጋዋን ጥላው እንደሄደችው ካላገኘችው በሩ ይጠፋታል ተባለ። ወሬው ስማዳ ደረሰ፤ ጋይንት ደረሰ። ከወገዳ ማዶ ሳይቀር ደበሎ የለበሱ ልጆች አኩፋዳቸውን አንግተው እየመጡ «የሚነጠቁት መምህር ቤት የቱ ነው?» ይሉ ጀመር። ደብሩም ኮራ።

የመሪጌታ ሚስት ሐረገ ወይን ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ዜማ ሰምታ አታውቅም።

እሷ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጣ፣ ገለጥ እያደረገች፣ ከተማሪዎቹ የተሰወረውን ታያለች። ዝምታው ሲመጣ የባሏ ፊት ይጠቁራል፤ ከንፈራቸው የጉበት መልክ ይይዛል። ሆዳቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ደረታቸው ይታገላል፣ ከአፍንጫቸው ግን ምንም አይወጣም። ሲነቁ በላብ ተነክረዋል። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «በገመድ አስሮ የሚያጠብቀው ማነው?» ይላሉ። ምሳ ላይ ጉርሻ በእጃቸው እንደያዙ ያንቀላፋሉ። መካነ ኢየሱስ ገበያ ሲወርዱ ከበቅሎ ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው ትከሻቸው ወልቆ ያውቃል። ሰዉ ይህንንም ተመስጦ አለው።

አንድ ቀን ምን እንደሚሰሙ ጠየቀቻቸው። ሳቁ።

«ወንዝ ውስጥ ነኝ» አሏት። «ከላዬ ብርሃን አያለሁ፤ ጭንቅላቴ ግን አይወጣልኝም። ይኸው ነው።»

ታዲያ ለልጆቹ ለምን አይነግሯቸውም አለች። መሪጌታ ሳቃቸውን አቆሙ። ድጓውን ጋይንት፣ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው ቤተ ልሔም ደጅ ላይ አጥንታቸው ወጥቶ ተምረውታል፤ ለዚያ ብሎ ግን ተራራ አቋርጦ የመጣላቸው ተማሪ ጥቂት ነበር። ለዝምታቸው የመጣው ግቢውን ሞልቶታል። ይህን ሁሉ አልተናገሩም፤ «ተዪው» ብቻ ብለው ወደ ደጅ ወጡ። እሷም ተወችው። ግን በተኙ ቁጥር፣ ትንፋሻቸው ሲቆም የእሷም አብሮ ይቆም ነበር። ሳታስበው ነው። እሳቸው ሲተነፍሱ እሷም ትተነፍሳለች።

ለገና የእህቷ ልጅ ዳኛቸው መጣ። ጃንሆይ ጎንደር ላይ የጤና ትምህርት ቤት ካስከፈቱ ወዲህ እዚያ ገብቶ ድሬሰርነት የሚማር፣ ረዥም፣ ጥያቄ የሚያበዛ ወጣት ነው። መሪጌታ ይወዱታል፤ ሲያዩት መቀለድም ይወዳሉ።

«መርፌህን ይዘህ መጣህ? እኔ እንኳ በመርፌ የሚበሳ ቆዳ የለኝም፤ ሂድ ቄሰ ገበዙን ውጋቸው።»

«እርሳቸውን ሲያይ መርፌው ራሱ ይፈራል» አለ ዳኛቸው።

በበዓሉ ማግስት መሪጌታ ተኙ። ዳኛቸው ከመጋረጃው ወዲያ አልፎ መደቡ አጠገብ ተንበረከከ። አክስቱ እጀታውን ይዛ ልትመልሰው ሞከረች፤ እሱ ግን ከእንዝርቷ ላይ ትንሽ ባዘቶ ነጨና ከመሪጌታ አፍንጫ ፊት ያዘው። ማንኮራፋቱ ሳለ ባዘቶው ይርገበገባል። ዝምታው ሲመጣ ቀጥ አለ። ሆዳቸው ግን አላረፈም።

«እዪው፣ እትዬ» አላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ነፍሳቸው ሄዳ ቢሆን ሆዳቸው ምን ይሠራል? ወናፉ እየተነፋ ነው። የተደፈነው አፉ ነው።»

ከዚያ በቀስታ አስረዳት። ሰው ሲተኛ ሥጋው ሁሉ ይላላል፤ ምላስም ሥጋ ነው፣ ይላላል። በጀርባ ለተኛ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል። ጉሮሮ ደግሞ አጥንት የሌለው መንገድ ነው፤ የስልቻ አንገት በዪው፣ ከውስጥ ሲሳብ ይጣበቃል። አንገቱ ለወፈረ ይብስበታል፣ ጠላ ለጠጣም ይብስበታል። ይህንን ያየው ጎንደር ቀዶ ሕክምና ቤት ውስጥ ነው። በኤተር የተኛ በሽተኛ ምላሱ እንዳያንቀው አንድ ሰው ከራስጌው ቆሞ መንጋጋውን ወደ ፊት ስቦ ይይዝለታል፤ ዳኛቸውም በተራው ይዟል። ያ ተማሪዎቹ መመለስ የሚሉት ትልቅ ትንፋሽ መመለስ አይደለም አለ፤ አየር ያለቀበት አእምሮ ደንግጦ ባለቤቱን ሲቀሰቅሰው ነው። በአንድ እንቅልፍ ስንትና ስንቴ ይቀሰቅሳቸዋል፤ እሳቸው አያውቁትም። በበቅሎ ላይ የሚተኙት ለዚህ ነው።

«አእምሮው አንድ ቀን ደክሞት ባይቀሰቅሳቸውስ?» አለች ሐረገ ወይን።

ዳኛቸው እጀታውን ሰበሰበ። አንድ እጁን ከመሪጌታ ትከሻ ሥር፣ አንዱን ከዳሌያቸው አስገብቶ ወደ ጎን አዞራቸው። አገጫቸውንም ትንሽ ወደ ላይ ቀና አደረገው። ባዘቶው መርገብገብ ጀመረ፤ ሳያቋርጥ፣ ሳይቸኩል። ማንኮራፋት የለም። ሐረገ ወይን ባሏ እንደ ሌላው ሰው ሲተኙ የሰማችው የዚያን ቀን ነው። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

ደጅ ያሉት ግን የሰሙት መጨረሻ የሌለው ዝምታ ነው። እንየው መታገስ አቅቶት ገባ። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ነካቸው?»

«እኔ» አለ ዳኛቸው።

እንየው ሐረገ ወይንን አያት፤ እናቱን ስትሰርቅ የያዛት ልጅ ይመስል ነበር። በዚህ መሃል መሪጌታ ነቁ። ተነስተው ተቀመጡ፤ ራሳቸውን ዳሰሱ።

«ይህ ራስ የማን ነው?» አሉ። «የእኔ እንኳ አይደለም፤ አያምም።»

ዳኛቸው ወደ ጎንደር ከመመለሱ በፊት ለአክስቱ አንድ ዘዴ ነገራት። መንደሩ የገና ጨዋታ ጨርሶ ሩሩን በየጓሮው ጥሎት ነበር። ከእንጨት የተጠረበ፣ ጡጫ የሚያህል ድቡልቡል ነው። አንዱን በጨርቅ ጠቅልላ በመሪጌታ እጀ ጠባብ ጀርባ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሃል ሰፋችው። በጀርባቸው ሊተኙ ሲሉ ይቆረቁራቸዋል፤ ሳይነቁ ወደ ጎን ይዞራሉ። መሪጌታ መጀመሪያ «ጎባጣ አደረግሽኝ» እያሉ አጉረመረሙ። በሳምንቱ ማጉረምረሙን ተዉት።

ዐቢይ ጾም ገባ። መሪጌታ ጾመ ድጓውን ሲያስተምሩ አያንቀላፉም። ድሮ በእንቅልፋቸው ተሸሽጋ ታልፍ የነበረች ስሕተት ሁሉ አሁን ተያዘች። «መልስ» ይላሉ፤ ተማሪው ይመልሳል። «አሁንም መልስ።» ከዚህ በፊት በግማሽ ቀን ያልፍ የነበረውን ምዕራፍ ልጆቹን በሳምንት እንኳ አልገፋላቸው አለ። የኔታ ነቅተው አስጨረሱን የሚሉ ነበሩ፤ ይህ በሳቅ ነው። በሹክሹክታ የሚባለው ግን ሌላ ነበር። ድሬሰሩ የየኔታን ነፍስ በሩር ዘጋባት ይባላል። ከእንግዲህ አይሄዱም፤ የማይሄድ መምህር ደግሞ በየደብሩ ሞልቷል። ጥቂቶቹ ደበሎአቸውን ደርበው ወጡ።

ከፋሲካ በኋላ ቄሰ ገበዝ ወልደ ሩፋኤል መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የደብሩ ነገር የሚያሳስባቸው ናቸው። ብዙ ዞረው ወደ ነገራቸው ደረሱ። የሚያዝያ ጊዮርጊስ ቀርቧል፤ ከስማዳም ከጋይንትም እንግዳ ይመጣል፤ ሕዝቡ የሚመጣው ታቦቱን ሊስም፣ ደግሞም መሪጌታ ሲነጠቁ ሊሰማ ነው። ሕዝብ ተስፋ አድርጎ መጥቶ ባዶውን ቢመለስ ደስ አይልም አሉ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟቸው፤ እስከ ደጅ ሸኟቸው።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ፣ እጀ ጠባባቸውን አውልቀው ለሐረገ ወይን ሰጧት።

«ይህን ፍቺልኝ» አሉ።

«ለምን?»

«ልሂድላቸው።»

«ወዴት?»

«ወዴት እንዳልሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሐረገ ወይን እጀ ጠባቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። ዳኛቸው የነገራትን አንድ በአንድ ደገመችላቸው፤ ምላሱን፣ የስልቻውን አንገት፣ የሚደክመውን አእምሮ። መሪጌታ ሁሉንም ሰሙና አንድ ቀን ብቻ ነው አሉ። ባይመለሱስ ብትላቸው፣ እስከ ዛሬ ተመልሻለሁ አሉ። እስከ ዛሬ ነዋ አለች።

«በቁርባናችን» አሏት ያን ጊዜ፣ «እንዳትነኪኝ። በሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ።»

እሺም እምቢም አላለችም። ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ያን ሌሊት ማኅሌቱ አምሮ አደረ፤ ሲነጋ ቅዳሴው ወጣ፤ ታቦቱ ዑደት አድርጎ ገባ። መሪጌታ ከእንግዶቹ ጋር በሉ። ጠላ ሲቀዳላቸው አልከለከሉም። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ገብተው በጀርባቸው ተኙ። እንየው መቋሚያውን የበሩ መድረክ ላይ አጋደመና ከጎኑ ተቀመጠ፤ ይህ ማንም አይለፍ ማለት ነው። ግቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ነበር፤ የሚተላለፍበት የለም። ሐረገ ወይን ከሴቶቹ ጋር ጠላ ትቀዳ ነበርና እንስራውን አስቀምጣ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆመች።

ማንኮራፋቱ ከግድግዳው አልፎ ተሰማ። ሰምተውት የማያውቁ እንግዶች ተያዩ። ከዚያ ቆመ።

«ሄዱ።»

ሰዉ ጉልበቱን አጠፈ። አንዲት የስማዳ አሮጊት «አንቺ የታደልሽ» ብላ የሐረገ ወይንን ትከሻ ሳመች። ትንፋሹ እየተጎተተ መጣ፤ ቀጠለ፤ ደግሞ ቆመ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዘመ። የሚያለቅሱ ነበሩ፣ በደስታ። ሦስተኛው መጣ።

ሐረገ ወይን እንደ ልማዷ ትንፋሿን ይዛ ነበር። የባሏን ዝምታ፣ ላም ያረባ ሰው የላሟን ድምፅ እንደሚያውቀው ታውቀዋለች፤ የት ላይ እንደሚያልቅም ታውቃለች። አለቀ ስትል አላለቀም። ጆሮዋ ጮኸ፣ ዓይኗ ፊት ብልጭ ብልጭ አለ። ልትችል ሞከረች። ከዚያ ደረቷ አሻፈረኝ ብሎ አየር ሳበች። እሷ ተነፈሰች። እሳቸው አልተነፈሱም።

እንስራውን ዞራ፣ የተንበረከከውን ሰው እየገፋች ሄደች። እንየው እጁን ዘረጋ።

«እሜቴ፣ የኔታ ገና አልተመለሱም።»

«ልመልሳቸው ነው» አለችውና መቋሚያውን ተሻግራ ገባች።

ከውስጥ ጨለማ ነው፤ ዓይኗ እስኪለምድ አልጠበቀችም። እጇ ሆዳቸው ላይ አረፈ። ሆዳቸው ድሮ ይታገል ነበር፤ አሁን መታገሉንም ትቶታል። መንጋጋቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ሳበች። ከዚያ ትከሻቸውን ይዛ ገፋች። ከበዷት። እግሯን ከመደቡ ሥር ተክላ፣ ግንባሯን ትከሻቸው ላይ አድርጋ፣ እርፍ ላይ እንደተደፋ ገበሬ ገፋች። ዞሩ። ምንም። በመዳፏ ጀርባቸውን መታች፤ ደግማ መታች። «ገብረ መድኅን» አለች። በስማቸው ብቻ ጠርታቸው አታውቅም።

ትንፋሹ መጣ። ሥሩ እንደሚነቀል ዛፍ ሆኖ፣ መላ ሰውነታቸውን አናውጦ መጣ።

ተነስተው ሲቀመጡ በሩ በሰው ራስ ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ዓይናቸውን መሪጌታ ከንፈር ላይ ተክለዋል። እንየው ፊት ለፊት ቆሟል።

«የኔታ፣ ምን ይዘው መጡ?»

መሪጌታ ላባቸውን ጠረጉ። እንየውን አዩት፤ ከኋላው ያለውን ሰው አዩ፤ በመጨረሻ ሐረገ ወይንን አዩ። እሷ መደቡ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትተነፍሳለች፣ ሩቅ ቦታ ሮጣ እንደመጣች።

«ምንም» አሉ። «ተኝቼ ነበር። ትንፋሼ ተቋረጠ፤ እሷ መለሰችልኝ።»

 በሩን የሞሉት አንድ በአንድ ተመለሱ። በግቢው የተቀዳው ጠላ ሳይጠጣ ቀረ። እንየው መቋሚያውን አነሳና የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት ብዙ ጊዜ ይዞት ቆመ።

ከጰራቅሊጦስ በፊት አብዛኞቹ ጎጆዎች ባዶ ሆኑ። ከሄዱት የመጨረሻው እንየው ነበር። ጉልበታቸውን ስሞ ይፍቱኝ አላቸው፤ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉት። ወደ ጋይንት መሄዱን ሰሙ። ድጓውን ለድጓው ብለው የመጡ ጥቂቶች ቀሩ፤ እነሱ ጮክ ብለው ይደግማሉ እንጂ የመምህራቸውን እንቅልፍ አይጠብቁም። ሐረገ ወይን ሩሩን ሳትጠየቅ መልሳ ሰፋችው፤ መሪጌታም ሳያጉረመርሙ ለበሱት። 

ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ገባ። መሪጌታ በጎናቸው ሲተኙ ትንፋሻቸው አይሰማም፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ ለሚያዳምጥ የጤናው ዝምታና የሞቱ ዝምታ አንድ ናቸው። ድሮ የሚያስፈራት ሲቆም ነበር፤ አሁን መቆሙን የምታውቅበት አጣች። የምትፈትለውን ትታ ትነሳለች፤ መዳፏን ከአፍንጫቸው ፊት ታኖራለች። አንዳንዴ ነቅተው ያገኟታል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አለሁ» ይሏታል። ሄዳ ትቀመጣለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትነሳለች።

ክረምት ገብቶ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሣር ክዳኑን ሲደበድብ፣ መሪጌታ በጎናቸው እንደተጋደሙ ማንጎራጎር ጀመሩ። ሐረገ ወይን የቤተ ክርስቲያን ሰው ሚስት ናትና ዜማውን ሁሉ በጆሮዋ ታውቃለች፤ ይህን ግን አታውቀውም። ከዝቅታ ተነሳ፣ ቀስ እያለ ወጣ፣ ሊያርፍ ነው ስትል የበለጠ ወጣ። እዚያ ላይ ተቋረጠ።

«ይጨርሱት እንጂ» አለች።

«የጊዮርጊስ ዕለት የሰማሁት ነው።»

እንዝርቷ ቆመ። ወንዝ ነው ብለውኝ አልነበረም ወይ አለች።

«ወንዝ ነበር። ሁልጊዜ ወንዝ ነበር» አሉ መሪጌታ። «ያን ቀን ግን ውሃው ጸጥ አለ። መታገሌን ተውኩት መሰለኝ። ያን ጊዜ መጣ።»

«ለተማሪዎቹ ግን ‹ምንም› ነው ያሏቸው።»

«ግማሽ ዜማ ዜማ ይባላል? ብነግራቸው ኖሮ የቀረውን ሄደው ያምጡ ይሉኝ ነበር።»

ዝናቡ በረታ። ሐረገ ወይን መጠየቅ አልፈለገችም፤ ግን ጠየቀች።

«የቀረውስ?»

«እዚህ ላይ አዞርሽኝ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ መንገድ ለጠየቀ ሰው መታጠፊያውን እንደሚያሳዩት ነው የነገሯት።

 እጇ ጥጡን ጨብጦ ነበር።

«ዛሬም ቢሆን አዞርዎታለሁ» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አሉና ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ጥቂት ቆይቶ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሐረገ ወይን ተነስታ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። የዜማው ግማሽ አፏ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ አፏ የቀረውን እንዳይፈልግ ከንፈሯን ነከሰች፤ መዳፏንም ወደ ፊታቸው አስጠጋች።